የእትዬ ዘሃራ አውራ ዶሮና ሁለት ስንዝር ተኩል

በዚያ የነሐሴ ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የግቢው ባለቤት እትዬ ዘሃራ፤ ጎረቤታቸው አያ ይማም፤ ማስታወቂያውን ይዞ የመጣው የቀበሌው ሰው አቶ ተፈራ፤ ገመዱን ያመጣሁት እኔ፤ እንዲሁም የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው ገብስማው አውራ ዶሮ። ሌላ ሰው ከነበረ ረስቼዋለሁ፤ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የባለፈው ሳምንት ቁፋሮ ነው። የእትዬ ዘሃራን አጥር ላድስ ጉድጓድ ስቆፍር ዶማዬ ሲሚንቶ ነካ። አፈሩን በእጄ ስጠርግ ያ የድሮው ችካል ሆኖ ተገኘ፤ መካነ ሰላም ስትሰፋ የከተማው ወሰን ይህ ነው ተብሎ የተተከለው። ከችካሉ ወዲህ ከተማ፣ ከችካሉ ወዲያ ገጠር። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

ያን ጊዜ አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ለአንድ ግንበኛ ሲሚንቶ አቦካ ነበር፤ ሜትር ማንበብን እዚያው በራሴ ተማርሁ። ግንበኛው ሜትሩን ስለማያውሰኝ፣ አንድ የመጋቢት እሑድ ከተሰበረ አልጋ የፈታሁትን ረጅም የቆዳ ጠፍር ፀሐይ ላይ ዘርግቼ በየሜትሩ ቋጠርሁበት። ቋጠሮው ራሱ ርዝመት ስለሚበላ ሦስት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ቋጥሬዋለሁ። በመጨረሻ አስሩም ቋጠሮ ከግንበኛው ሜትር ጋር ልክ ገጠመ። በዚያ ጠፍር እኮራበት ነበር።

እትዬ ዘሃራ የሚተዳደሩት ዶሮ በማስታቀፍ ነው። ጫጩቶቹን አሳድገው፣ ቄቦቹን ቅርጫት ውስጥ አድርገው ገበያ ያወጣሉ። በዚያ ዓመት በጋ ፈንግል ገብቶ የሠፈሩን ዶሮ ፈጅቶት ነበር፤ ከአውራ የተረፈው የእሳቸው ገብስማ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ እንቁላል አለ፣ ጫጩት ግን የለም።

ማስታወቂያው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አቶ ተፈራ በሩ ላይ ቆሞ አነበበልን። በከተማው ክልል አውራ ዶሮ የሚያኖር ሰው፣ ከመኖሪያ ቤቱ አስር ሜትር ርቆ የዶሮ ቤት ይሥራለት፤ ቦታ የሌለው አውራውን ከከተማ ያስወጣ ይላል። ስለ ሴቶቹ ዶሮዎች አንዳች አይልም።

«ሴቶቹ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ይደሩ ማለት ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ወረቀቱ አልከለከለም።»

«ሚስቶቹ ከእኔ ጋር፣ ባልየው አስር ሜትር ርቆ! ያረቢ፣ ምን አጣልቶ አፋታቸው?»

አያ ይማም ሳቁ። «ተፈራ፣ ከችካሉ ወዲያ ይሥሩለትና ይገላገሉ።»

«ከዚያ ወዲያ የገጠር ቀበሌው የወል ግጦሽ ነው። እነሱ ደግሞ ጎጆ አታቁሙ ብለዋል።»

«ታዲያ እኔ የማን ነኝ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «አውራዬ ጧት ሲወጣ ችካሉን ተሻግሮ ግጦሹ ላይ ይጭራል። ማታ እኔ ዘንድ ያድራል። ቀን ገጠሬ፣ ማታ ከተሜ ነው። ሕጉ የትኛውን ነው የሚያየው?»

አቶ ተፈራ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ግቢውን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ለካና፣ «ከቤቱ እስከ ችካሉ የሚበቃ ይመስለኛል። ጥጉ ላይ ይሥሩለት፣ እኔም ተሠርቷል ብዬ እጽፋለሁ» አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ዝም ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ልማዴ ነው፤ የዚያን ቀን ብቻ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አፌን ከፈትሁ።

«ይመስለኛል ምን ያደርጋል? ገመድ አለኝ።»

ሮጬ ጠፍሩን አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ለአያ ይማም ሰጥቼ «ቤቱ ላይ ይያዙልኝ» አልሁና ወደ ችካሉ እየጎተትሁ፣ ቋጠሮ እየቆጠርሁ ሄድሁ። አስረኛው ቋጠሮ ላይ ስደርስ እስከ ችካሉ የቀረው ሁለት ስንዝር ተኩል ነበር። ይህን በእርግጥ አውቃለሁ፤ በገዛ እጄ ሰንዝሬዋለሁ። በሁለት ስንዝር ተኩል ላይ የዶሮ ቤት አይቆምም።

«አይበቃም» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

አቶ ተፈራ አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት ከተለካ በኋላ ይበቃል ብሎ መጻፍ አልቻለም። እትዬ ዘሃራ ገብተው በሰፌድ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው አቀረቡልን፤ እየላጥን በላን። ስንበላ ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ታዛው ሥር ተጠጋግተን መቀመጣችን ትዝ ይለኛል። አውራው እግራችን ሥር እየዞረ ልጣጭ ይለቅም ነበር።

በሳምንቱ አውራው ከላላ ለሚኖሩት የእትዬ ዘሃራ እህት በበቅሎ ተላከ። እህትየው ለዘመን መለወጫ ገበያ አወጥተው ሸጡት። በኅዳር ወር ሁለት ዶሮዎች ታቀፉ፤ ሃያ አንዱም ቀን አለፈ፤ እንቁላሉ ሁሉ ገምቶ ተጣለ። እትዬ ዘሃራ በዚያ ዓመት የሰው ማሽላ በመልቀም ነው የኖሩት።

አውራው ከሄደ በኋላ በመጣው በጋ ከግንበኛው ጋር ስንሠራ ጠፍሬ የውሃ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። አውጥቼ ስጎትተው ተለጠጠ፤ ከሜትሩ ጋር ሳስተያየው አስሩ ቋጠሮ አስራ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሲደርቅ ተመልሶ ልክ ሆነ። በሬ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ጠፍር ሲርስ እንደሚለጠጥ፣ እኔ ባለ ሜትሩ አላሰብሁትም። ለእትዬ ዘሃራ ሄጄ ነገርኋቸው። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አጥራቸውን በየዓመቱ እኔ አድሳለሁ።

ለዓመታት ጥፋቱ የእኔ ገመድ ነው ብዬ ኖርሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ችካሉን ሳገኝ በብረት ሜትር ለካሁ፤ ቤቱ ያው ነው፣ ታዛውም ያው። ከግድግዳው እስከ ችካሉ አስራ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ከታዛው ምሰሶ ከተነሣሁ ግን አስር ሜትር ተኩል። እንግዲህ ጠፍሩ ርሶ ከሆነና አያ ይማም ግድግዳውን ይዘው ከሆነ፣ የሚተርፈው ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ስንዝር ተኩል ነው። ጠፍሩ ደረቅ ሆኖ ምሰሶውን ይዘው ከሆነም የሚተርፈው ያው ሁለት ስንዝር ተኩል ነው። በፊተኛው አውራውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በኋለኛው ደግሞ «ከመኖሪያ ቤቱ» ብሎ ከግድግዳ ይሁን ከታዛ ያልነገረን ወረቀት ነው።

አያ ይማምን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ ግድግዳውን ነው የያዝሁት፤ ወይስ ምሰሶውን ተደግፌ ነበር? ኧረ ተወኝ አንተ ልጅ! ዶሮው ከተበላ ስንት ዘመኑ፣ አሁን ደግሞ የእኔን እጅ ልትለካ መጣህ?»

እትዬ ዘሃራ ምሰሶው ነው ይላሉ። ግን እኔን ለማሳረፍ ብለው ሊሆን ይችላል፤ ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ቄቦቹ አዙረው ነበር።

አቶ ተፈራ ወደ ወረኢሉ ተዛውሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ጽሑፍ እጁ ከገባ፣ ወይም በዚያ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ያየን ሰው ካለ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንቹን ስንበላ መዝነቡን አውቃለሁ። ጠፍሩን ይዤ ስሮጥ ግን ዝናቡ ጀምሮ ነበር?