ሁለቴ የተከፈለበት በርበሬ

ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ያለው የቅመም ሱቄ ኦንላይን መሸጥ ሲጀምር፣ ክፍያ እንዲቀበልልኝ የመረጥኩት ድርጅት ሳምንት ሳይሞላ አካውንቴን አገደብኝ። አንዲት ትልቅ ሴት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና በርበሬ አዘው፣ የላክሁላቸውን የክፍያ ሊንክ ለእህታቸው አሳይተው ነበር። ሁለቱም ተደባብቀው ከፈሉ፤ ድርጅቱ ለአንድ ዕቃ ሁለት ክፍያ ሲያይ ማጭበርበር ጠረጠረ።

ድርጅቱ ጋ ደውዬ «ማጭበርበር አይደለም፤ እኛ ዘንድ ‹እኔ ልክፈል› መባባል ልማድ ነው» ብል፣ ስልኩን ያነሳው ሰራተኛ «የተከፈለበትን ነገር ደግሞ የሚከፍል ማነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ኦኬ፣ እንግዲያው ልማዳችንን የሚችል ሲስተም አገኛለሁ አልኩ። ሌላ ድርጅት መረጥኩ፤ ከዌብሳይቴ ጋር ራሴ አገናኘሁት፤ አንድ ሰው እንደከፈለ ሊንኩ የሚዘጋ እስኪሆን ድረስ በገዛ ካርዴ እየደጋገምኩ ሞከርኩት።

በሚቀጥለው ትዕዛዝ እኚያው ሴት ደወሉ።

«ልጄ፣ ተዘግቷል ይለኛል። ማነው የቀደመኝ?»

«እህትዎ ናቸው፣ እትዬ።»

«ክፈቺልኝ!»

«አልከፍትም» አልኳቸው።

በማግስቱ ሱቄ መጥተው ካርዳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያው የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ሂሳብ ከአሁኑ ቻርጅ አድርጊው።»