የጋሼ ግራ እጅጌ

አጎቴን፣ ጋሼን፣ ሳስባቸው ቀድሞ የሚመጣብኝ የተጠቀለለው ግራ እጅጌያቸው ነው። ደም ግፊት ነበረባቸው። ሰፈራችን ሀና ማርያም ውስጥ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሊለኩ ሲሄዱ፣ እጅጌያቸውን ገና ከቤት ሳይወጡ ይጠቀልላሉ። "ነርሷ ብቻዋን ናት፤ እኔን ስትጠብቅ ሌላው ይጉላላል" ይላሉ።

ብዙ ጊዜ "መለኪያው ተበላሽቷል" ተብለው፣ እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ ይመለሳሉ። "ጋሼ፣ ግል ክሊኒክ ልውሰድዎት" ስላቸው፣ "ታዲያ ይሄ ጤና ጣቢያ ደጃችን የተሠራው ለምንድን ነው?" ይሉኛል። አንድ ማታ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ባለሥልጣን "ትኩረታችን ከሆስፒታል በፊት ጤና ጣቢያ ላይ ነው" ብሎ ሲናገር፣ ክንዳቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉና "እኔ ተዘጋጅቻለሁ፤ መለኪያውን አምጣ" አሉት።

በመጨረሻ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ስናደርሳቸው፣ ሐኪሙ "ክትትል ነበራቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ነበራቸው አልኩት።

ዛሬ ልብሳቸውን ለሰው ልንሰጥ ስናዘጋጅ ሸሚዞቻቸውን ተኮስኩ። የግራ እጅጌው እጥፋት ግን ከአንዱም አልለቅ አለኝ። ደክሞኝ፣ እንዳለ ተውኩት።