ድንች የተመረቀበት ፈተና

እትዬ ወርቅአየሁን ስወዳቸው! ኮተቤ ድንች እየሸጡ፣ በሃምሳ ዓመታቸው ማታ ማታ ሰባተኛ ክፍል ይማራሉ። ስምንተኛ ለመግባት የቀራቸው ሒሳብ ብቻ ነበር። ማለፊያው ሃምሳ፣ ያገኙት አርባ ዘጠኝ!

መምህር በርናባስ ወረቀቱን አሳዩአቸው። «ሃያ ድንች ለሁለት ሰው በሁለት ለሦስት ንጥጥር ሲካፈል፣ ስምንትና አሥራ ሁለት ነው። እርስዎ ዘጠኝና አሥራ ሦስት ብለዋል። ትርፉ ከየት መጣ?»

«ምራቂ ነዋ! ድንች ሳይመረቅ ይሰጣል እንዴ?»

«እትዬ፣ ንጥጥር ውስጥ ምራቂ የለም!»

«ታዲያ ትናንት ድንች ሲገዙኝ ‹ይመርቁልኝ እንጂ› ያሉት በየትኛው ንጥጥር ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም እየሳቁ አንድ ማርክ መረቁላቸው።

እትዬ ግን ወረቀቱን አዩና ንቅንቅ አላሉም። «እኔ እኮ ለደንበኛ ሁለት ነው የምመርቀው!»