ተዋናዩ ያላለው ነገር

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በወንድሙ ይቀናል። እኔ ወጣት ሳለሁ የቀናሁት በቴሌቪዥን ውስጥ ባለ ሰውዬ ነው።

አሶሳ ገበያው አጠገብ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ያሳያል። ከተመልካቹ ግማሹ አማርኛ አጥርቶ ስለማይሰማ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ከቴሌቪዥኑ ጎን ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ወደ በርትኛ ይተረጉምለታል። ፊልሙ ሲያልቅ ማንጎው ሥር ወጥተን እንከራከራለን፤ በክርክሩ ያሸነፈው ፊልም በሳምንቱ ይደገማል።

ክርክሩ ሁሌ ስለ አንድ ተዋናይ ነበር። ሰውዬው ያልሆነው ነገር የለም፤ ሽፍታ ሆኗል፣ ዳኛ ሆኗል፣ ሰካራም ሆኗል። ለእኔ ሰካራሙን የሚያክል አልነበረም፤ ጠርሙሱን ከሚስቱ ሲደብቅ እጁ ብቻውን ይተውናል። ባሚያ የምትሸጠዋ ልጅ ግን ሽንጧን ገትራ የምትከራከረው ለአባትየው ነው፤ ቤተሰቡን ጥሎ ጠፍቶ፣ ሸምግሎ ተመልሶ፣ ሴት ልጁ በር ላይ ለሚቆመው።

ያቺን ልጅ ላገባት አስቤ ነበር። ይህን የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቴን የባሚያ ወጥ እስኪያስመርራት ድረስ ባሚያ ገዝቻለሁ። ልጅቷ ስለዚያ ሰውዬ ባወራች ቁጥር እቀናበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ክርክሩ ሲጦፍ ብድግ አለች። "በር ላይ ያለውን ረሳችሁ? 'ልጄ፣ በሩን አትክፈት። እዚያ ሆነህ ስትስቅ ልስማና ልሂድ' አለ። እንደዚህ የሚል አባት ማን አለው?" አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እሱንም ወድጄላት ነበር።

ተዋናዩ ግን እዚያ በር ላይ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ጀርባውን ሰጥቶን ዝም ብሎ ይቆማል። ልብስ ሰፊው ዝም ካለ ደግሞ ተመልካቹ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ ስለሚያስጨንቀው፣ ዝምታውንም ይተረጉመው ነበር። እኔ ከወሎ የመጣ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አማርኛውን ከፊልሙ፣ በርትኛውን ከእሱ እሰማለሁ።

"እንዲህ አላለም" አልኩ ጮክ ብዬ። "ምንም አላለም። ያ የምትወጂው ሰውዬ እዚያ ላይ ዲዳ ነው።"

ማንጎው ሥር ያለው ሁሉ አፍጥጦ አየኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ጣልኩት አልኩ።

"ታዲያ ማን ነው ያለው?" አለች።

ሳልመልስላት ራሷ ዞረች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መሬት መሬቱን ያያል። "እንደዚያ ሲቆም አሳዘነኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። ስንት ቅዳሜ ያ ሰው እፊቴ ሲቀመጥ፣ በእሱ ልቅና ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ረጅም ጊዜ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ባሚያ ስገዛ እንዲያ አድርጋ አላየችኝም።

የአባትየው ፊልም አሸነፈ። በሳምንቱ ሽማግሌው በሩ ላይ ሲቆም፣ ልብስ ሰፊው ያንኑ ቃል ደገመው፤ ያን ቀን ግን ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም።

ሠርጋቸው ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ባሚያ አቀረቡልኝ፤ በላሁ።