የሚረዝመው ካፖርት

በአጎቷ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሰፍታለች። ልጅ ሳለች ከስፌት መኪናዎቹ ሥር የወደቀ መርፌ ትለቅም ነበር። ቁጣዋ ቶሎ ስለሚገነፍል ሠራተኞቹ «እሳቷ» ይሏታል።

ካፖርቱን የፈጠረችው እሷ ናት። የልጆች ካፖርት ነው፤ እጅጌውና የታችኛው ጠርዙ ውስጥ ሦስት ሦስት እጥፋት ተደብቋል። ልጁ ባደገ ቁጥር እናቱ አንዱን እጥፋት ትተረትርና ካፖርቱ አብሮት ይረዝማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰፋ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትሰፋ ኖራ ነው እዚህ ያደረሰችው።

ካፖርቱ እንደ ጉድ ተሸጠ። አንድ ጠዋት አጎቷ የካፖርቱ አንገት ላይ የሚሰፋ ምልክት አሠርተው መጡ። የራሳቸው ስም ብቻ ነበረበት።

«ጋሼ፣ የኔስ ስም?»

«አንቺ የቤት ልጅ አይደለሽ? ለቤት ልጅ ስም ምን ያደርግላታል?» ብለው ሳቁ። ሠራተኞቹም አብረው ሳቁ።

ደሟ ፈላ። መቀሷን አንስታ ወጣች።

እናቷ «ያሳደገሽ ወንድሜ ነው፤ ሆድ ይፍጀው በይ» ብትላት፣ «ሆዴ ሞልቷል እማዬ፤ ሌላ አይችልም» አለቻት።

ተዘግቶ የከረመ ፀጉር ቤት ተከራየች። በእግር የሚረገጡ ሦስት አሮጌ የስፌት መኪናዎች አስገባችና በሩ ላይ ለጠፈች፦ «እዚህ ልብስ አይሰፋልዎትም። ገብተው ራስዎ ይስፉ።» መኪናው በሰዓት ይከራያል። የካፖርቱን ቅድ ደግሞ በካርቶን ቆርጣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ የፈለገ ይገልብጥ።

«አብዳለች» ተባለ። ሙያዋን በትና በምን ልትኖር ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፀጉሩን ሊስተካከል።

ከዚያ አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። እሳቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጮኸችባት። «ይሄ ስፌት ነው የሰካራም አካሄድ? ፍቺው!» አራት ጊዜ አስፈታቻት። ሴትየዋ እያለቀሰች ጨረሰች። በማግስቱ ልጇን ካፖርቱን አልብሳ፣ ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላ ተመለሰች። በስድስት ወር ውስጥ ወረፋው እስከ መንገዱ ዘለቀ። ቁጣዋን ለመስማት ብቻ የሚመጣም አልጠፋም።

አንድ ቀን አጎቷ በሩን በርግደው ገቡ።

«ገበያዬን ገደልሽው! የኔን ቅድ ለመንደር ትበትኛለሽ?»

የሚሰፉት ሴቶች መኪናቸውን አቁመው ዞሩ።

«የማንን ቅድ? የርስዎ ከሆነ ይኸው ጨርቅ፣ ይኸው መቀስ። እጅጌው ላይ የመጀመሪያው እጥፋት ስንት ጣት ይገባል? ቆርጠው ያሳዩን።»

አጎቷ መቀሱን አነሱ። ጨርቁን ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ። ሴቶቹ ሁሉ የሳቸውን እጅ ያያሉ። መቀሱን አስቀመጡትና ጠጋ ብለው፣ «ነይ ተመለሺ፤ ስምሽን አስጽፋለሁ» አሏት በሹክሹክታ።

«ሲስቁብኝ ሰው ሁሉ ሰምቷል» አለች ጮክ ብላ። «ታዲያ አሁን ምን ያንሾካሹክዎታል?»

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ካፖርቱንም መሸጥ ተዉ።

ዛሬ ስምንት መኪና አላት። እናቷ ታረቂ እያለች ትለምናታለች፤ እሷ ግን አሻፈረኝ ብላለች።

«አሁን እንኳ ደስ አይልሽም?» ሲሏት፣ «ደስ ይለኛል እንጂ» ትላለች። «ግን ያን አሥራ ስድስት ዓመት ማን ይመልስልኛል?»