በሁለት ዓመት የሚበላለጡ መንትዮች

ትናንት ከሰዓት ሥራ ቦታ ጉድ ልሠራ ነበር...

ሊንውድ ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ሊን የምትባል ቻይናዊት ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። ቼክ ኢን ሳደርጋት ኮምፒውተሩ፣ ላን ከምትባል የድሮ ታካሚያችን ጋር አንድ ሰው ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቤተሰብ ስም ያው፣ አድራሻ ያው፣ የልደት ቀን ያው። ስልኩ ደግሞ ይጮሃል... የሆነ ሰው ስሟን ተሳስቶ ጽፎት ነው አልኩና ሁለቱን ፋይል አንድ አደረግኳቸው።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዶክተሩ ጠራኝ። ባለፈው ወር በገዛ እጁ የነቀለው የመንጋጋ ጥርስ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ፋይሉ ላይ ቀጥሎ ይነቀል የተባለው ደግሞ ምንም አልሆነም። ማደንዘዣው ተዘጋጅቷል...

ቶሎ ብዬ ሊንን መንታ እህት እንዳላት ጠየቅኳት።

«በወረቀት አዎ» አለችኝ። «በእውነት ግን በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች።»

ይቅርታ ጠይቄያት ፋይሎቹን ለየሁ። ዶክተሩ አዲስ ራጅ አንስቷት ውጤቱን እየጠበቀች ታሪኩን አጫወተችኝ። እነሱ ሲወለዱ እዚያ ቻይና የሚፈቀደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። መንታ ከመጣ ግን ማን ይቀጣል? አባቷ ሁለተኛ ልጅ ስለፈለገ ላንን ሳያስመዘግብ ጠበቀ። ሊን ስትወለድ ከእናትየው ጋር ሁለቱንም መዝገብ ቤት ይዞ ሄዶ መንታ ናቸው አለ። የተጻፈው የላን ልደት ነው። ሶ ሊን ገና ጨቅላ ሆና በወረቀት ሁለት ዓመት ሞላት። በአምስት ዓመቷ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገባች። እሷ ዴስክ ላይ ተኝታ ላን የሁለቱንም ደብተር ትጽፍ ነበር።

እኔን አልዋጥ ያለኝ ሌላ ነው። መዝጋቢው እንዴት አመነ?

ሊን ሳቀች። እናትየው እሷን ታቅፋ፣ ላን በእግሯ እየሄደች ነው አሉ የገቡት። ላን እንዲያውም ሰውየውን ውሃ ስጠኝ ብላዋለች። እሱ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ... ተነስቶ ውሃውን ቀዳላት።

«ይቺኛዋ ፈጠን ብላ አድጋለች» አለና ማኅተሙን መታ።

እንዲህ ረጋ ብሎ የሚሳሳት መዝጋቢ ያብዛልን።