የተዘቀዘቀው ነጠላ

ነጠላ ሻጭ የራሷን ነጠላ አታይም። ሸማ ተራ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሜ ስንቷን ደንበኛ «ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው» እያልኩ አርሜያለሁ። የኔን ትከሻ ግን ያን ቀን አላየሁትም።

ከጎኔ ያለው የጋቢ ሱቅ የእትዬ ነው። ተራው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ከጎጃም የመጡ፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጁ ወታደር ነው። ሶማሊያ ሲዘምት እሳቸው አላለቀሱም፤ «ሰላም አስከባሪ ሆነ፣ ዓለም በሙሉ ነው የላከው» እያሉ ተራውን ሲዞሩ ዋሉ። ሲመለስ የሚለብሰው ጋቢም ለሽማኔያቸው አዘዙ። ጥለቱ በቴሌቪዥን ያዩት የሰላም አስከባሪ ኮፍያ ዓይነት ሰማያዊ እንዲሆን ነበር ትእዛዙ። ጋቢው ሲደርስ ሱቃቸው ውስጥ ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ ዋጋውን የጠየቀውን ሁሉ ይቆጡታል።

ጡረታ የወጡ ሻምበል ደንበኛ አሉኝ። ጋቢውን አይተው ሲጠይቁኝ ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ሰማያዊ ኮፍያ እዚያ የለም አሉኝ። የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ፈቃዱን ይሰጣሉ፣ ሀብታሞቹ ገንዘቡን ያዋጣሉ፣ ሕይወቱን የሚያዋጡት ግን ጎረቤት አገሮች ናቸው፤ የዘማቾቹም ኮፍያ አረንጓዴ ነው። የእትዬ ልጅ ክፍል ደግሞ ከነዚህም አይደለም። የእኛና የሶማሊያ መንግሥታት ለብቻቸው ተስማምተው የገባ ጦር ስለሆነ በሰላም ማስከበር ተልዕኮው ቁጥር ውስጥ የለም። እኔ ዝም ማለት የማውቅ ሴት አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ያን የተሰቀለ ጋቢ አይቼ ዝም አልኩ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሬዲዮው ሶማሊያ ውስጥ የሰላም አስከባሪዎች ካምፕ በፈንጂ መመታቱን ተናገረ። እትዬ አልሰሙትም፤ የእኛን ፊት አይተው ግን አወቁ። መሬት ላይ ዝርፍጥ ሲሉ እኔ የማጽናናቸው መስሎኝ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ጆሯቸው ሥር ተናገርኩት። የርስዎ ልጅ ከነሱ ጋር አይደለም፣ እሱ ከተልዕኮው ውጭ ነው፣ ዝርዝራቸውም ውስጥ የለም አልኳቸው።

ለቅሷቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ።

«እንግዲያ ቢሞትስ ማን ይቆጥረዋል?»

ይሄ ጥያቄ ለኔ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ሻምበሉ ወደሚያውቁት ሰው ደወሉ፤ በተልዕኮው ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንደሌለ ነገሩን። ቢኖርም ቢሞትም ስሙ እዚያ ስለማይገኝ መልሱ ለእኛ ምንም አልሆነም።

ሐሙስ ዕለት ጭድ ተራ የሚነግዱ የዕድራችን አባል አርፈው ቀብር ሄድኩ። ከቀብሩ ስንወጣ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ስልክ ስለማይሰሙ ልጁ የሚደውለው ለኔ ነው።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ለእማዬ ንገሪልኝ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥኩ እኔም አላውቀውም። ከነሸክማቸው የሚመጡትን ወዛደሮች እየገፋሁ፣ እየተሰደብኩ፣ እልል እያልኩ ሸማ ተራ ደረስኩ። እትዬ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። እልልታዬን አልሰሙም። ያዩት ትከሻዬን ነው። ከቀብር እንደወጣሁ ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ነበር፤ ጥለቱ አንገቴ ሥር።

ጩኸታቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረታቸውን እየደቁ ወደቁ። ጎረቤት ሱቁን ይዘጋ ጀመር፤ በአንድ አፍታ ተራው በሙሉ ለቅሶ ሆነ። እኔ መሀል ቆሜ «ደወለ! ደህና ነው!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ሴቶቹ እንኳ መርዶውን የምሸፍን መስሏቸው በዓይናቸው «ጎበዝ፣ ቀስ አድርገሽ ንገሪያቸው» ይሉኝ ነበር። ነጠላዬን ገልብጬ እትዬ እግር ሥር ተንበረከክሁና ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

«ወንድሜንም ታሟል ነበር ያልሽኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ወንድማቸው የሞተ ጊዜ መርዶው አገራቸው እስኪደርሱ እንዲቆይ ተብሎ፣ ትንሽ አሟቸዋል ብዬ አውቶቡስ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። ሁላችንም መርዶ የምንደብቀው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን ደግ ወሬ የሚነግረውን ሰው ማንም አያምንም። አሁን የማሳያቸው ወረቀት፣ የምጠቁማቸው ዝርዝር፣ አዎ አለ የሚልልኝ ቢሮ የለም። ልጁም መልሶ አልደወለም፤ እኔ ስደውልለትም መስመሩ አይገባም። እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ፤ ዘጠኝ ቀን እንዲያው ሆነው ሰነበቱ። እኔንም አላናገሩኝም። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ማታ ማታ እኔ ራሴ ድምፁን በትክክል መስማቴን መጠራጠር ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ደህና የሚሰማው ጆሯቸው ላይ ለጠፍኩት። «እማዬ» ሲል ሰሙት። ልጁ ቀስ እያለ ነገራቸው። የተመታው ካምፕ ከነሱ ማዶ ያለው ነው፤ የሞቱት ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ናቸው፤ አስከሬናቸውን ያነሳው የልጁ ክፍል ነው።

ስልኩ ሲዘጋ እኔ ሳቅም ለቅሶም ያዘኝና ነጠላቸውን ላቃናላቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዙት።

«ተይው። የነዚያ ልጆች እናቶች መርዶ ደርሷቸዋል?»

ስለነዚያ ልጆች አንዴም አስቤ አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት የእኛ አይደሉም ብዬ ያጽናናሁት፣ ሐሙስ ዕለት ከተማ መሀል እልል ያልኩት በነሱ ላይ ነው። አፈርኩ። እትዬ ግን ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ባለ ሰማያዊ ጥለቱን ጋቢ አውርደው አጣጠፉና ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ለበዓል ነጠላ ልትገዛ መጥታ፣ ዋጋ ስንነጋገር ትከሻዬን አየችና ሳቅ አለች።

«እትዬ፣ ነጠላዎት ተዘቅዝቋል» አለችኝ።

አውቄ ነው አልኳት።